ከፍለው ያንብቡኝ

ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይልና ወቀሳውን ይቀጥላል። እኔን ግን ያድርገኝ። ኑረዲን ከጎንደር ደውሎ «ዶክተር አስማረ አረፈ» ሲለኝ ገንደ ውሃ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር። «ነፍስ ይማር» አልኩና መምረጤን ቀጠልኩ።

«ምነው፣ አታለቅሽም እንዴ?» አለኝ። ኑረዲን የምርምር ጣቢያችን ሾፌር ነበር፤ የመተማ ዮሐንስ ልጅ፣ በአማርኛም በዐረብኛም የሚቀልድ ሰው።

«ለሱ ማልቀስም የሚከፈልበት መስሎኝ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠና «ኻላስ፣ ተይው እንግዲህ፣ የሞተ ሰው ነው» አለኝ።

መተው አልሆነልኝም። ያን ሰው በሕይወቱ ሳለ አንቱ እያልኩ፣ በር እየከፈትኩ፣ ቀልዱ ሳያስቀኝ እየሳቅሁ ኖሬያለሁ። አሁን እሱ ብለው አይቆጣም፤ ስለዚህ እሱ እለዋለሁ።

አስማረ የሰሊጥ ተባይ ተመራማሪ ነበር። ከገንደ ውሃ ወጣ ብላ በምትገኝ፣ ጥቂት ክፍሎችና አንድ መጋዘን ባሏት ጣቢያ ውስጥ አለቃዬ ነበር። የመተማ ሙቀት ሰውን ከሸሚዙ በሚያፋታበት ወር እሱ ከረባት ያስራል። ላቡ ወርዶ ከረባቱን ሲያረጥበው በዚያው በረጠበው ጫፍ መነጽሩን ይወለውላል፤ መነጽሩ ይብስ ይደበዝዝበታል፤ እንደገና ይወለውላል። የቀን ሠራተኛ «እንደምን ዋሉ» ቢለው በአገጩ ይመልሳል። ቆላውን ንቆት መጣ፣ ንቆት ኖረ። ከልቡ የሚወደው ስሙን በፈረንጅ መጽሔት ላይ ታትሞ ማየት ነበር።

ያም ሆኖ አንድ ጊዜ እውነተኛ ሥራ ሠርቷል። ይህን ብደብቅ ዋሾ እሆናለሁ።

በኛ አገር ሰሊጥ ፍሬው ሳይረግፍ ይታጨድና በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንዲደርቁ ይቆማሉ። ያንን ክምር ሂላ እንለዋለን። ሂላው እየደረቀ ሳለ ትኋን የመሰለ ተባይ ከመሬት ስንጥቅ ይወጣና ዘይቱን መጥጦ ፍሬውን ገለባ ያደርገዋል። ገበሬው የዓመት ልፋቱን ሲያራግፍ የቀለለና የሚመር ሰሊጥ ያገኛል። ነጋዴው በመዳፉ አንሥቶ ያየውና መልሶ ይጥለዋል።

አስማረ አንድ የአጨዳ ወቅት ሙሉ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሂላ ሲያይ ከረመ። በኛ ዘንድ ሂላ የሚቆመው ዛፍ ሥር ነው፤ ጠባቂው ጥላ እንዲያገኝ ተብሎ የኖረ ልማድ ነው። «ጠባቂው ጥላ ይፈልጋል፤ ትኋኑም ጥላ ይፈልጋል» አለኝ አንድ ቀን፣ ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ። ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ባለው የሙከራ ማሳችን ሂላውን ከዛፍ አራቀው፤ አነስ አነስ አድርጎ አቆመው፤ ከሥሩ ያለውን ስንጥቅ በአመድና በጭቃ አስለሰነው። ተባዩ ድርሽ አላለም። ሰሊጡ ሲራገፍ አስማረ እፍኝ አንሥቶ ቃመና ሳቀ። ጥርሱ እንደሚያምር ያን ቀን ነው ያየሁት። ያን ቀን ወደድኩት፤ አልክድም፣ ወደድኩት።

«ለገበሬው እንንገረዋ!» አልኩት።

«ታትሞ ሲወጣ» አለኝ።

ጽሑፉ ወደ አውሮፓ ተላከ፤ ሄደ፣ መጣ፣ ታረመ፣ በመጨረሻም ተቀባይነት አገኘ። ማስታወቂያው በመጣበት ኢሜይል ላይ አንድ ጥያቄ ነበረ። ጽሑፉ ለማንም ክፍት ሆኖ በነጻ ይነበብ? ወይስ የፈለገ እየከፈለ ያንብበው? ክፍት እንዲሆን ከተፈለገ የሚከፍለው ጸሐፊው ነው፤ ከድሃ አገር ለሚመጡ ግን ክፍያው ይቀርላቸዋል ይላል። አስማረ ሳንቲም ሳያወጣ ዓለም ሁሉ በነጻ ሊያነበው ይችል ነበር ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር።

አስማረ ከወንበሩ ተነሣ። «ድሃ አሉኝ!» አለ። «ማን ለመናቸው? አባቴ መጽዋች እንጂ ተመጽዋች አልነበረም!»

«ዶክተር፣ ምጽዋት እኮ አይደለም፤ ደንባቸው ነው» አልኩት። «ክፍት ሲሆን ብዙ ሰው ያነብልዎታል። የሚያነብ ሲበዛ የሚጠቅስዎትም ይበዛል።»

ለማያውቅ ሰው፦ አንድ ተመራማሪ ሲጽፍ «ይህን እገሌ አግኝቶታል» ብሎ የሌላውን ስም ከጠራ ጥቅስ ይባላል። የተመራማሪ ክብር የሚለካው በዚህ ነው፤ ማን ጠራህ፣ ስንቴ ጠራህ። አስማረ ከዚህ በላይ የሚጓጓለት ነገር አልነበረም። ለዚህም ነው ያነሣሁለት።

መነጽሩን ወለወለ። «አንቺ ልጅ፣ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። በነጻ የተገኘን ነገር ማን ያከብራል? ከፍለው ያንብቡኝ።»

እውነት ለመናገር ምክንያት አላጣም። በዚያው ሰሞን አንድ ባልደረባችን እድገት ለማግኘት ተጣድፎ ገንዘብ ለላከለት ሁሉ በሚያትም መጽሔት ላይ በሳምንት ውስጥ አሳተመ። ያረመው ሰው የለም፤ ያነበበውም የለም። አስማረ ባልደረባችንን በጣቱ እያሳየ «ክፍት ማለት ይኸ ነው፤ በር የሌለው ቤት ውሻ ሁሉ ይገባበታል» ይል ነበር። አልተሳሳተም። ያ ጽሑፍ እንደ ገበያ ሜዳ ክፍት ሆኖ ዛሬም አንድ ሰው አልጠቀሰውም። ነጻ መሆን ብቻውን ከንቱውን ነገር ቁም ነገር አያደርገውም። አስማረ ግን ቁም ነገር ይዞ ነው በሩን የቆለፈው፤ የሚያናድደኝም ይኸ ነው።

ታትሞ ሲወጣ ገንደ ውሃ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ይዞን ሄደ። መስመሩ ተቆራርጦ፣ መብራት ጠፍቶ መጥቶ፣ በስንት መከራ ገጹ ተከፈተ። የጽሑፉ ርዕስ፣ አጭር መግለጫው፣ ከሥሩ ደግሞ ሙሉውን ለማንበብ የሚከፈለው ዋጋ በዶላር። አስማረ ስክሪኑን ወደ ተቀመጡት ሰዎች አዞረው። «እኔን ለማንበብ ይኸን ያህል ይከፈላል!»

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብሎ አየ። «ለስንት ገጽ ነው ጌታዬ?»

«ለስምንት።»

«ወቸ ጉድ! በዚህ እኮ ሁለት ፍየል ይገዛል። ታዲያ ማን ከፈለ?»

አስማረ ስክሪኑን መልሶ ወደ ራሱ አዞረው። የከፈለ አልነበረምና።

እኛም አልከፈልንም፤ ጣቢያው ለመጽሔት የሚሆን በጀት አልነበረውም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ከሽንፋ ሰሊጥ የተጻፈውን ጽሑፍ ከሽንፋ ሰሊጥ ጋር የምንውለው ሰዎች ማንበብ አልቻልንም። ከአሳታሚው የመጣለት ቅጂ በመሳቢያው ውስጥ ነበር። ማንበብ የፈለገ እሱ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ያነባል እንጂ ይዞ አይወጣም። ሲሰጠኝ «እጅሽን ታጥበሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ማሳ ላይ አመዱንና ጭቃውን ያቦካሁት በዚሁ እጄ ነው። ታጥቤያለሁ አልኩት፤ ውስጤ ግን በገነ።

በአማርኛ በራሪ ወረቀት አዘጋጅተን ለገበሬ እንበትን ብለን ለመንነው። «በራሪ ወረቀትን ማን ይጠቅሳል?» አለ። «ገበሬ አይጠቅስም።» ከጣቢያው የሚወጣ ማንኛውም ምክር ያለ እሱ ፊርማ አይወጣም ነበርና ነገሩ እዚያው ቀረ። እኔ በአፌ ለአንድ ለሁለት ገበሬ ነግሬያለሁ። «ጣቢያው እንዲህ ብሏል?» ይሉኛል። «ገና ነው» ስል ፈገግ ይሉና ሂላቸውን ወስደው ዛፍ ሥር ያቆማሉ። አልፈርድባቸውም፤ የዓመት እንጀራቸውን ይዘው በአንዲት ሴት ወሬ እንዴት ይወራረዱ?

አንድ ቀን ሽንፋ ወንዝ ዳር ምሳ ስንበላ ሳልጠይቀው ልቡን ከፈተልኝ። «ልጅ የለኝም» አለ፣ ውሃውን እያየ። «ሚስትም አልበረከተችልኝም። የሚቀረኝ ይኸ ሥራ ነው። እኔ ስሞት ሂላ በተነሣ ቁጥር ስሜ ይነሣል፤ ሌላ የምፈልገው የለም።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ከረባትም መነጽርም አልነበረም። አሳዘነኝ። «እንግዲያው ይስጡት» አልኩት። «ስም የሚነሣው ሥራው ሰው እጅ ሲገባ ነው።» ወዲያው የዱሮው ፊቱ ተመለሰና «አንቺ ስለ ስም ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ከገዳሪፍ ኢሜይል የመጣው። ጸሐፊው ዶክተር ሙባረክ የሚባል፣ ከድንበሩ ማዶ በሰሊጥ ላይ የሚሠራ ሱዳናዊ ነው። አጭር መግለጫውን እንዳየ፣ ሙሉውን የሚገዛበት አቅም እንደሌለው፣ አንድ ቅጂ ቢላክለት ውለታው እንደማይረሳው በትሕትና ጽፏል። «የተከበሩ ወንድሜ፣ ይህ ተባይ ድንበር ሲሻገር ቪዛ አይጠይቅም፤ እኛም እንረዳዳ» የሚል ነበረበት።

አስማረ ኢሜይሉን ጮክ ብሎ አነበበልንና ሳቀ። «ሱዳን ነዳጅ አላት፣ ይግዛ!»

ኑረዲን በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። «ዶክተር፣ የሰው አገር ሰው ሲለምን እንዲህ አይመለስም። ነውር ነው» አለው። ገዳሪፍ አክስቱ አለች፤ ሰዎቹን ያውቃቸዋል።

«አንተ መኪናህን ጠብቅ» አለው።

እኔም ፋይሉን እንላክለት፣ ቢሰጡትም እኮ አይጎድል ብዬ ተከራከርኩ። ፋይሉ ያለው በእሱ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። እምቢታውን እንኳ ጽፎ አልመለሰለትም። ሰው እንዴት «አይሆንም» የሚል ቃል ይሰስታል? አስማረ ግን ሰሰተ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። አስማረ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት እየሄደ ስሙን ይፈልጋል፤ የጠቀሰው የለም። ተመልሶ ሲመጣ ፈረንጆቹን ይሰድባል፤ አላዋቂዎች ናቸው፣ ዘረኞች ናቸው፣ ለሰሊጥ ግድ የላቸውም። ገጹ ላይ የተሰቀለውን ዋጋ ግን አንድም ቀን ወቅሶት አያውቅም።

አንድ ቀን እዚያው ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ስለ ሰሊጥ ስፈልግ የሙባረክ ጽሑፍ ወጣልኝ። ስነካው ተከፈተ፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ ምንም ጣጣ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ። ያው ጥላ፣ ያው ስንጥቅ፣ ያው ልስን። ሰውየው ቅጂውን ቢከለከል ጊዜ ራሱ ከባዶ ተነሥቶ ሞክሮታል፤ ያውም ከኛ በሰፋ፣ በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ። ከህንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንዛኒያ የሚጽፉ ሰዎች እሱን መጥቀስ ጀምረዋል። ስለተከፈተ ብቻ አይደለም፣ ሥራውም ስለሰፋ ነው ብሎ የሚከራከረኝ አለ። ይሁን። ግን የተቆለፈውን የኛን ማን አይቶ ያወዳድር?

ሙባረክ ጨዋ ሰው ነው። በመግቢያው ላይ «ከድንበሩ ማዶ አስማረ የተባሉ ተመራማሪ ተመሳሳይ ነገር ማየታቸውን ከአጭር መግለጫው ተረድተናል፤ ሙሉውን ጽሑፍ ግን ማግኘት አልቻልንም» ብሎ ጽፏል። አትሜ ለአስማረ ወሰድኩለት።

መጀመሪያ «ሌባ!» አለ።

«ምኑን ሰረቀ? ተቆልፎበት?» አልኩት። ያን ጊዜ ፍርሃቴ አልቆ ነበር።

ቀጥሎ ያቺን ዓረፍተ ነገር አያት። መነጽሩን ወለወለና እንደገና አነበባት። ፊቱ በራ። «ጠቅሶኛል!» አለ። «ዓለም አቀፍ ጥቅስ!» ያን ቀን ለጣቢያው ሰው ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ። ዓረፍተ ነገሯን በቀይ አስምሮ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጠፋት። «ማግኘት አልቻልንም» የሚለው ሲነበብለት አያፍርም፤ «አያችሁ፣ እንዲህ በቀላሉ አልገኝም» ይላል። ሚሪንዳዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያን ቀን ንቄ አላውቅም።

ጡረታ ሊወጣ በተቃረበበት የአጨዳ ወቅት ሽንፋ አካባቢ የገበሬ በዓል ነበር፤ ጥሩ ምርት ያገኙ ገበሬዎች ማሳቸውን ለሌላው የሚያሳዩበት ቀን ነው። አስማረ ከረባቱን አስሮ፣ እኔ ከኋላ፣ ኑረዲን እየነዳ ሄድን። አቶ ሞላ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ማሳ ላይ ደረስን። ማሳው ጠርዝ ላይ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ግን ምንም የለም። ሂላዎቹ ከዛፉ ርቀው፣ አነስ አነስ ብለው፣ ሥራቸው በአመድና በጭቃ ተለስኖ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

አስማረ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ አስማረ።

«ይኸ የሱዳን ሂላ ይባላል ጌታዬ» አለ ሞላ፣ በኩራት። «ገዳሪፍ ለአጨዳ የሄዱ ልጆቻችን ከዚያ ተምረው ይዘውት መጡ። እዚያ ባለሙያው በየማሳው ዞሮ ያስተምራል አሉ። ትኋን እኮ ድራሹ ጠፋ! ጥላ ሥር ያቆመ ጎረቤቴን ይዩት፣ ሰሊጡ ገለባ ሆነበት። እርስዎም የመንግሥት ሰው ነዎት፣ ለሌላው ያስተምሩልን እንጂ።»

የከበቡን ገበሬዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት!» አለ አስማረ። ድምፁ ቀጠነ። «እዚሁ! ከዚህ ወንዝ ወዲህ! ከነሱ በፊት!»

ሞላ ግራ ተጋባ። ከልቡ ጨዋ ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት ማሳፈር አልፈለገም። አንዴ እኔን፣ አንዴ አስማረን አየ።

«ይሆናል ጌታዬ» አለ በዝግታ። «ታዲያ ለማን ነገሩት?»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። አስማረ የከረባቱን ጫፍ ይዞ ቆመ፤ መነጽሩን ግን አልወለወለም። ሽንፋ ወንዝ ዳር የነገረኝ ትዝ አለኝ። ሂላ ተነሥቷል፤ ስሙ ግን አልተነሣም። በገዛ አገሩ፣ ከሙከራ ማሳው በቅርብ ርቀት፣ የሱዳን ተብሏል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ አሁንስ ገባው፣ ነገ በራሪ ወረቀቱን ይፈርማል፣ ለሙባረክም አንድ ቃል ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ። ገንደ ውሃ መግቢያ ስንደርስ ተናገረ።

«ጽሑፌን ቢገዙት ኖሮ» አለ፣ «ስሜን ያዩት ነበር።»

ኑረዲን ማርሹን ለወጠ። «ዶክተር» አለው፣ «ሞላ ማንበብ አይችልም።»

አስማረ ጡረታ ወጥቶ ጎንደር ገባ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ቀብሩም ላይ አልሄድኩም። መንገዱ ሩቅ ነው ብዬ ነበር፤ ሩቅ ሆኖ ግን አይደለም።

በሞተ ሳምንት አብርሃ ጅራ ከተማ ለአዲስ የግብርና ባለሙያዎች ሥልጠና ነበረኝ። አሁን ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። ከሽንፋ እስከ አብርሃ ጅራ ሰው ሁሉ የሱዳን ሂላ ነው የሚለው፤ እኔም እንደ ሰዉ እላለሁ፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ያን ቀን ግን ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ትምህርቱን ጨርሼ «ይህን መጀመሪያ ያገኘው ዶክተር አስማረ የሚባል ሰው ነው» አልኳቸው።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት ባለሙያ እጁን አወጣ። «ሱዳናዊ ነው?»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ በልጁ አልነበረም። «አይደለም፤ የኛው ሰው ነበር» አልኩት።

«እሺ» አለና ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገ። ስሙን እንድደግምለት ግን አልጠየቀኝም።